ውርጭ ያልመታው ካሊና

ፓናስ ሆርባይ ሰላሳ አንድ ዓመት የወረዳችንን ግሬደር ነድቷል። ሰው የሚያስታውሰው ግን በመንዳቱ ሳይሆን በመትፋቱ ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ግሬደሩን መንገድ መሀል ገትሮ ይወርዳል። ከሰው አጥር ላይ አንዲት ቀይ ፍሬ ቀንጥሶ አፉ ውስጥ ይከትና ዓይኑን ጨፍኖ ያላምጣል፤ ከዚያ እንትፍ! ከፔርሙዙ ስኳር የሌለው ቀዝቃዛ ሻይ ቀድቶ ይጉመጠመጣል፣ የዳቦ ቅርፊት ይቆረጥማል፣ ወደሚቀጥለው ቁጥቋጦ ያልፋል። ከኋላው ስንዴ የጫነ መኪና ቆሞ ጡሩንባውን ቢያንባርቅ ዞር ብሎም አያይም።

የሚቀምሰው ካሊና ነው። አያቶቻችን ከዩክሬን ውቅያኖስ ተሻግረው ወደዚህ የስንዴ አገር ሲመጡ ዘሩን በመሀረብ ጫፍ ቋጥረው ነው ያመጡት፤ ዛሬ በዚህ ሜዳ የእኛ ሰው ባለበት ሁሉ ካሊና አለ። በሰኔ ነጭ አበባው ጎጆ ቤቱን ሳይቀር ያሳምረዋል፣ በመከር ደግሞ ቀይ ዘለላው ከሩቅ ይታያል። ታዲያ የተተከለው ለዓይን እንጂ ለአፍ አይደለም። ፍሬው መራራ ነው፤ ሲቀቀል ሳምንት ያልታጠበ ካልሲ ይሸታል። የመጀመሪያው ውርጭ ሳይመታው ማንም አይነካውም፤ እናቶቻችን እንደዚያ አስተማሩን፣ እኛም ለልጆቻችን እንደዚያ አልን። ውርጭ ምሬቱን ሲሰብረው ይለቀምና በስኳር መዓት ማርማላታ ይሆናል። ለጉንፋን ይበጃል፣ ለደም ግፊት ይበጃል፣ ቶሎ እንዲሄድ ለሚፈለግ እንግዳም ይበጃል።

ፓናስ ግን ውርጭ ከመምጣቱ በፊት ነው የሚቀምሰው።

“ውርጭ ከመታውማ ማንም ይጣፍጣል” ይለኝ ነበር። “ሙሽራን ሳትኳኳል ነው ማየት።”

እኔ ኦስታፕ ነኝ፤ የወረዳው ሁለተኛ ማሽን ነጂ። በአሥራ አራት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሽ ፓናስ እለዋለሁ። ሥራውን ያስተማረኝም እሱ ነው፤ ዘይት እንዴት እንደሚለወጥ፣ በረዶ ሲጠረግ ዓይን የት እንደሚያርፍ። የካሊናውን ነገር ግን መጀመሪያ ላይ እንደማንም ሰው እስቅበት ነበር። ሱቅ በር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎችማ ለቀቅ አያደርጉትም።

“ፓናስ!” ይለዋል አንዱ። “የእኔን አጥር ውሻ እንኳን እንዳንተ አይጎበኘውም!”

“ውሻውማ አንዴ ቀምሶት ነው የቀረው” ይላል ፓናስ፤ ሳቃቸውን ለራሳቸው መልሶላቸው ያልፋል።

ሕግ ነበረው። በቀን ከስድስት ቁጥቋጦ በላይ አይቀምስም፤ ከስድስት በኋላ ምላስ ይዋሻል ባይ ነው። ደግሞም የወደደውን ቁጥቋጦ ሦስት መስከረም ሳይቀምስ ለተከላ የሚሆን ቅርንጫፍ አይቆርጥም። ድርቅ ሁሉን ያመርራል፣ ዝናብ የበዛበት ዓመት ሁሉን ያጥባል፤ በአንድ ዓመት ጣዕም የሚፈርድ ሰው በአንድ ቀን ትውውቅ የሚያገባ ሰው ነው ይል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ስንት ቁጥቋጦ እንደከዳው እኔ ምስክር ነኝ። ይናደዳል፣ ግሬደሩን በእርግጫ ይመታል፣ በማግስቱ እንደገና ይጀምራል።

ለምን እንደሚፈልገው የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የበረዶ ማዕበል ጋራዡ ውስጥ ዘግቶብን ዋልን፤ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ጓንቶቻችንን እያደረቅን ሳለ ሳልጠይቀው ጀመረ።

በሠላሳዎቹ ድርቅ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ስንዴው ሳይበቅል አቧራ ሆኖ ሄደ፤ ላሟ ሞተች፤ ከቤቱ ኋላ የቀረው ለጌጥ የተተከለ ካሊና ብቻ ነበር። እናቱ እሱን ትቀቅል ጀመር። ስኳር የለም። ሃንያ የምትባል የአምስት ዓመት እህት ነበረችው፤ ጥርሷን ገጥማ አልበላም አለች።

“አፏን ከፍቼ የያዝኳት እኔ ነኝ” አለኝ። “እናቴ በማንኪያ ትጨምራለች፣ እኔ እይዛለሁ። ታለቅሳለች። በየካቲት በሳንባ ሞተች። ካሊናው አልገደላትም፤ አውቃለሁ። ግን ከእኔ እጅ የመጨረሻ የበላችው እሱን ነው።”

ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመርኩ። እሱ ጓንቱን ገለበጠና ቀጠለ።

“ከዘር የበቀለ ነገር እንደ ሰው ልጅ ነው፤ ከአንድ እናት አንዱ ቄስ ይወጣል አንዱ ሌባ። አንድ የሆነ ቦታ ሕፃን ሳያለቅስ የሚበላው ካሊና አለ። ሳገኘው ስሟን እሰጠዋለሁ።”

ከዚያ ቀን ወዲህ አልሳቅኩበትም። ሱቅ በር ላይ ሲሳቅ ግን አብሬ ፈገግ ማለቴን አልተውኩም፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ማግኘቱን የነገረኝ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። ያን ዕለት ጋራዡ ውስጥ ሲገባ የታመመ መስሎኝ ወንበር ሳብኩለት። አልተቀመጠም።

“ሁለተኛ ዓመቷ ነው” አለኝ። “አምና ዝም ያልኩት እንዳላሟርትባት ብዬ ነው። ዘንድሮም ያው ናት። ኦስታፕ፣ አልተፋኋትም!”

“የት አገኘሃት?”

“ቤተክርስቲያኑ መንገድ።”

የቤተክርስቲያናችን መንገድ ግራና ቀኙ ካሊና ነበር። የመጀመሪያዎቹ እናቶች ለጌጥ ብለው ከዘር አፍልተው የተከሉት፣ ቢቆጠር ሁለት መቶ የሚሆን።

“ከዚያ ሁሉ የትኛዋ ናት?”

“እሷን ራሷን ጠይቃት” አለና ጥቅሻ ጣለልኝ።

አልተቀየምኩም። እኛ ጋ የፍሬ መልቀሚያ ቦታ አይነገርም። አባት ለልጁ የሚናገረው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ነው፤ ለሚስት የነገረ ለአማቱ መንደር ሁሉ ነገረ ይባላል። ፓናስ በዚህ ከሁሉ የባሰ ነበር። ባለቤቱ እትዬ ፓራስካ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ነበረች፤ ልጅ አልወለዱም፤ ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ፍለጋውን ሁሉ ታውቃለች፣ ቦታ ግን አንድም ቀን አልነገራትም። እሷም አትጠይቅም፤ ሸሚዙ ላይ ያለውን ቀይ ነጠብጣብ እያጠበች ትረግመዋለች እንጂ።

በማግስቱ በዚያ መንገድ ሳልፍ አንዱ ካሊና ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮ አየሁ።

“ያችኛዋ ናት አይደል?” አልኩት ምሳ ላይ። “ጨርቁን አይቻለሁ።”

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። “ያቺ ከሁለት መቶው የመጨረሻዋ መራራ ናት። ሐሞት! ሌባ መጀመሪያ የሚቀምሰው ምልክት ያለበትን ነው። ቀምሶ ‘ፓናስ አብዷል’ ብሎ ይሄዳል፤ እውነተኛዋን ማንም አይነካብኝም። ምልክቷ እዚህ ነው” አለና ግንባሩን በጣቱ መታ።

“ድንገት ብትሞትስ?”

“ያን ያህል አልቸኮልኩም።”

በዚያው ክረምት የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ቤተክርስቲያኑ መንገድ ላይ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ልጆቹ ሦስት ሰዓት በብርድ ተቀመጡ። ቁጥቋጦዎቹ በረዶውን ይዘው መንገዱ ላይ ይከምሩታል፤ ይህ እውነት ነው። ወረዳው ተሰብስቦ በሚመጣው መስከረም አጋማሽ፣ መከሩ ከገባ በኋላ፣ ሁለቱም ረድፍ ይነቀል ብሎ ወሰነ። ካህኑም በወር አንዴ ብቻ የሚመጡ ስለሆነ የሚቃወም አልተገኘም።

“አሁኑኑ ቅርንጫፏን ቁረጥና ትከል” አልኩት ፓናስን። ለመንኩት ማለት ይቻላል።

“ሦስተኛዋን ሳልቀምስ?” አለ። “በመስከረም መጀመሪያ እቀምሳታለሁ፣ በማግስቱ ከነሥሯ አወጣታለሁ፣ ማሽኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት ያልጣስኩትን ሕግ ለአውቶቡስ ብዬ አልጥስም።”

የነሐሴ መጨረሻ እሑድ ጠዋት፣ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ደጃፉ ላይ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፤ ንግግሩም ሄደ። ትልቁ ከተማ ሆስፒታል አስገቡት። የቀረው ድምፅ አንድ ነበር፦ “ታ”። ውሃ ሲፈልግ ታ፣ ሲያመው ታ። ለጠየቁት ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ አዎ ይሁን አይደለም ማንም አይለይም። ፓራስካ ስለ ካሊናዋ ብትጠይቀው ራሱን ነቀነቀና አለቀሰ። ተነስቶ እንዳያሳይ መቀመጥ እንኳ አይችልም፤ መንገዱም የግማሽ ቀን ነው።

ቀኑ ደረሰ። ዶዘሩ ከጎረቤት ወረዳ በውሰት የመጣ ነበር፤ በማግስቱ መመለስ አለበት። የምነዳው እኔ ነኝ። ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ ልጀምር ስል የፓራስካ ፒክአፕ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። የፓናስን ቦት ጫማ አድርጋለች፤ አካፋና ጆንያ ይዛለች። ሆስፒታል ወንበር ላይ ሌሊቱን አድራ ቀጥታ ነው የመጣችው፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

“አጥፋው፣ አጥፋው!” አለች። “አንድ ዛፍ ብቻ ላውጣ። ሃንያ እዚህ ናት።”

“እትዬ፣ የትኛዋ እንደሆነች በምን ታውቂያለሽ?”

“ና ላሳይህ” ብላ እጄን ጎተተችኝ። ቀዩ ጨርቅ ፊት አቆመችኝ። “አየህ? የእኔ ቀሚስ ቁራጭ ነው! ምንም ነግሮኝ አያውቅም፤ በእኔ ቀሚስ ግን አሰራት። ለእኔ ብሎ ነው እኮ።”

ከወደቀ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። 

“ቅመሻት እስቲ” ብዬ ነበር፤ ይህን ያህል ደፍሬያለሁ።

“ውርጭ ሳይመታት?” አለች ደንግጣ። “አይሆንም። እሱ ሲመጣ አብረን ነው የምንቀምሳት።”

ያኔ በልቤ ያለውን ዛሬ አልደብቅም። አሳዘነችኝ፤ እውነት ነው። ይቺ ሴት ባሏ እየሞተባት ነው፣ አንድ ደስታ ብታገኝ ምን ይጎዳል አልኩ። እውነተኛዋንስ ማን ያውቃታል አልኩ። ግን ደግሞ ዶዘሩ ነገ ይሄዳል፤ ብነግራትና ቁም ብትለኝ ከአለቃዬ ጋር የምጣላው እኔ ነኝ። ይህንንም አስቤያለሁ። አካፋውን ከእጇ ተቀብዬ መቆፈር ጀመርኩ። ሥሯን ከነአፈሩ በጆንያ ጠቅልለን ፒክአፑ ላይ ጫንን፤ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ሄደች።

እኔም ሞተሩን አስነሳሁ። እስከ ማታ ሁለቱንም ረድፍ ነቀልኩ። ፍሬው በሰንሰለቱ ሥር እየፈረጠ መንገዱ ቀላ፤ ያ የካልሲ ሽታ ልብሴ ውስጥ ገባ። ከነዚህ አንዷ ሃንያ ናት እያልኩ ነው የነዳሁት። የትኛዋን ስገፋ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያወጣው።

ፓናስን በጥቅምት ወደ ቤት አመጡት። ፓራስካ ካሊናዋን ከሳሎኑ መስኮት ፊት ለፊት ተክላታለች፤ ወንበሩም ወደዚያው ዞሯል። ተሸክሜ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አየ። ከዚያ ደህና በሆነው ግራ እጁ መስታወቱን ይደበድብ ጀመር። “ታ! ታ! ታ!”

“አወቃት!” አለች ፓራስካ፣ እንባዋ እየወረደ። “አየኸው ኦስታፕ? ወዲያው አወቃት!”

ፓናስ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም። ማሽኑ ጋ ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ፤ ሥራ አልነበረኝም።

ሁለት ዓመት እዚያ ተቀመጠ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ሌላ የሚታይ ነገር የለም፤ ካሊናዋና ሜዳው ብቻ። በመጀመሪያው ወር መስታወቱን ይመታ ነበር፣ በኋላ ተወው። ካሊናዋ በተተከለች በመጀመሪያው መከር አላፈራችም፤ በሁለተኛው መስከረም መጨረሻ፣ ውርጭ በመታ በማግስቱ፣ ፓራስካ ጠራችኝ፤ አብረን እንድንቀምስ። አንዲት ፍሬ በአፉ ጨመረችለት። አላመጠ። ዋጠ።

“ዋጣት!” አለች። “ፓናስ ዋጣት!”

ግማሽ ፊቱ የሞተ ሰው መትፋት አይችልም። ይህን ለእሷ ማን ይንገራት? እንባው በአንድ ጎኑ ወረደ። እሷም አንዲት ፍሬ ቀምሳ ጀርባዋን ሰጠችን፤ መስኮቱ ጋ ብዙ ቆመች።

“ጥሩ ናት” አለች በመጨረሻ።

ድምፅዋን ስሰማ ገባኝ። መራራ መሆኗን አውቃለች፤ ለምን እንደመረረች ግን አታውቅም። እኔም ቀምሼ “ጥሩ ናት” አልኩ። ከዚያ ወዲያ ባየኋት ቁጥር ያቺን ካሊና ስትንከባከብ ነው። ፍግ ትጨምራለች፣ አመድ ትነሰንሳለች፣ የጣሪያ ውሃ በበርሜል አጠራቅማ ታጠጣታለች። አንድ ቀን ጎንበስ ብላ ስታወራት ሰምቻለሁ፤ እንደ ታመመ ልጅ ታባብላታለች።

ፓናስ በታኅሣሥ ሞተ። አርባውን በቤተክርስቲያኑ አዳራሽ አወጣን። የተቀቀለ ስንዴ በማር ቀረበ፣ ጎመን ጥቅል ቀረበ፣ ፓራስካም ከካሊናዋ ፍሬ የሠራችውን ማርማላታ በየጠረጴዛው አስቀመጠች። ሃንያ የምትባለዋ ይቺ ናት ብላ ለሁሉም ነገረች። ሰው ዳቦው ላይ እየቀባ፣ ፊቱን እንዳያጨማድድ እየታገለ በላ። ካህኑ እንኳ “ነፍሱን ይማር፣ እንዴት ያለ ጣዕም ነው” አሉ። በሕይወቱ እያለ የሳቁበት ሽማግሌዎች ደግመው አነሱ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ “ማር ናት!” አልኩ።

ሰው ሲበተን ወጥ ቤት ገብቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ፓራስካ ፎጣ ይዛ እያደረቀች አጠገቤ ቆመች።

“ኦስታፕ፣ አብረኸኝ የቆፈርከው አንተ ነህ” አለች። “እስቲ ንገረኝ። ምን አድርጌ ነው ያበላሸኋት?”

“እንዴት አበላሸሽ?”

“አትሸንግለኝ፣ አፍ አለኝ። መራራ ናት። ሥሯን ስቆርጥ ነው? ያለ ጊዜዋ ስለነቀልኳት ነው? ሠላሳ ዓመት ፈልጎ አገኛት፣ እኔ በአንድ ቀን ገደልኩበት። እያየኝ ሞተ። ማታ ማታ የማስበው ይህንን ነው።”

አላውቅም ብል ይቻል ነበር። ግን ፊቷን አየሁ፤ ከመስከረም ጀምሮ ራሷን ስትበላ የኖረችው በእኔ ዝምታ ነው።

“አንቺ ምንም አላበላሸሽም እትዬ” አልኳት። “ያቺ ሃንያ አይደለችም። ጨርቁን ያሰረው ሌባ ለማታለል ነበር። እውነተኛዋን ምልክት አላደረገባትም።”

ማድረቋን አቆመች። “ይህን መቼ አወቅህ?”

“ከመታመሙ በፊት። ራሱ ነግሮኝ።”

“ስቆፍር ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ፍሬው እኮ ሁሉም ላይ ነበር” አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። “ሁለት መቶ ዛፍ። ብትነግረኝ የምን ውርጭ፣ የምን ስድስት ስድስት! ምላሴ እስኪደማ አንድ በአንድ እቀምሳቸው ነበር። እስከ ማታ አገኛት ነበር እኮ።”

“አዝኜልሽ ነው እትዬ። ደስ ብሎሽ ነበር።”

“አዝነህልኝ ነው!” አለች። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር የማይታወቅ ድምፅ አወጣች። “እሱስ? በመስኮቱ ሁለት ዓመት ያችን ሲያይ፣ አንተ በየሳምንቱ መጥተህ ቡና ስትጠጣ…”

አልጨረሰችውም። ፎጣውን አጥፋ አስቀመጠች፤ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የተረፈውን ማርማላታ ሁሉ በካርቶን ይዛ ነበር። ደረቴ ላይ ገፋችው፤ ተቀበልኩ።

“ሰው ሁሉ ፊት ማር ናት ብለሃል” አለች። “ውሰደው። ብላው።”

ከዚያ በኋላ ፓራስካ አነጋግራኝ አታውቅም። አሥራ አንድ ጠርሙስ ነበር። ባለቤቴ ሽታውን አልቻለችም፤ እባክህ ጣልልኝ አለች። አልጣልኩም። በየጠዋቱ ዳቦ ላይ እየቀባሁ ለፋሲካ ጨረስኩት።